ዘገምተኛውን ከፊት ስላስቀደሙት ስለ አቶ ገድሉ አዘዘ ኅልፈት

ለማኅበራችን አባላት፣ ለጉዞ ወዳጆችና ለባሕር ዳር ከተማ ነዋሪዎች፤

የጣና ዳር የእግር ጉዞ፣ የባህልና የጤና ማኅበር መሥራችና የጉዞ አስተባባሪ አቶ ገድሉ አዘዘ፣ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ እጅግ አዝኗል። አቶ ገድሉ የተጋነነ ንግግር ስለማይወዱ ሐዘናችንን የምንገልጸው በሠሩት ሥራ ልክ ነው።

አቶ ገድሉ ዳንግላ ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ሠልጥነው አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን በባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች አሳልፈዋል። በሹም አቦ ክፍለ ከተማ የነበረው ቤታቸው ማኅበሩ የራሱ ጽሕፈት ቤት እስኪያገኝ ድረስ እንደ ቢሮ አገልግሏል።

በ2004 ዓ.ም. ማኅበሩን ከጥቂት የቢሮና የፋብሪካ ሠራተኞች ጋር መሠረቱ። ስፖርት የሚሠራው አገሩን እንደማያይ፣ አገር የሚያየው ከመኪና እንደማይወርድ፣ ያመመው ደግሞ ከቤት እንደማይወጣ ይናገሩ ነበር። ሦስቱንም በአንድ ቅዳሜ ማዋል ይቻላል ብለው የተነሡት ያኔ ነው። በጀልባ ዘጌ ደርሶ፣ በእግር አቋርጦ ገዳማቱን መሳለም፣ በደንገል ታንኳ መቅዘፍን ከባለ ታንኳዎቹ መማር፣ በጥር ወር በሜዳ ላይ የገና ጨዋታ መጫወት የማኅበሩ ቋሚ ተግባራት የሆኑት በእሳቸው ሐሳብ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የጉዞው ምሳ ዘወትር የጾም እንዲሆን አስወሰኑ። ከዚያ በፊት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አባል በሥጋው ምክንያት ለየብቻ ይቀመጥ ነበር። ከውሳኔው ወዲህ ሽሮውና ምስሩ በአንድ ትሪ ቀርቧል፤ የቀትር ሶላት ሰዓትም ከመርሐ ግብሩ ገብቷል። ሥጋ የለመዱ አባላት ለጥቂት ጊዜ አጉረምርመዋል፣ ግን አንድም ሰው ከጉዞው አልቀረም።

ማኅበሩ ከሁሉ በላይ የሚታወቅበት ደንብ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። በሰባታሚት መንገድ በተደረገ ጉዞ ፈጣኖቹ ቀድመው ከጥላ ሥር ይቀመጡ፣ የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ደግሞ ተነሥተው ይቀጥሉ ነበር። አቶ ገድሉ ያዩትን ለጉባኤው ሲያቀርቡ፣ ዕረፍት ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ እንደሚውል አስረዱ። ጉባኤውም እጅግ ዘገምተኛው ሰው ከፊት እንዲሄድ፣ ማንም እንዳይቀድመው ወሰነ። ወረታ ጨርቅ የሚነግዱትና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወይዘሮ ዘይነት መስዑድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፊት ሄደዋል። አቶ ገድሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት በየጉዞው ሳይደጋግሙ አይውሉም ነበር። አባላቱም እንቁላሉ ገና አልተፈለፈለም እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የዋንዛዬ ፍል ውሃ ጉዞ ተጀመረ። ከመነሻ በፊት የደም ግፊት መለካትም ግዴታ ሆነ። ልኬቱን የሚያከናውኑት ሲስተር ሔራን እንደሚያስታውሱት፣ አቶ ገድሉ ሌላውን በሰልፍ ያስለኩ ነበር፤ የእሳቸው ተራ ሲደርስ ግን ጀልባው ዘንድ ሥራ አያጡም ነበር።

ከከተማ መውጣት ባልተቻለባቸው ወራትም ጉዞው አልታጠፈም። ከፋሲሎ ተነሥቶ በሐይቁ ዳር ዳር እየተዞረ ይመለስ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር በዘጌ ጉዞ ላይ አቶ ገድሉ ከኋላ ሲቀሩ ታዩ። የቀረ ሰው እንዳይኖር እየጠበቁ መሆናቸውን ተናገሩ፣ ሁሉም አመናቸው። በተከታዮቹ ጉዞዎችም እንዲሁ ሆነ። ሲስተር ሔራን የደም ግፊታቸውን በግድ ለክተው ወደ ሐኪም ላኳቸው። ሐኪሙ ግፊታቸውን እየተለኩ በእርጋታ መሄድን ባይከለክላቸውም፣ ቤተሰባቸው ቤት እንዲቀመጡ ፈለገ። የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚም ጀልባው ዘንድ ሆነው ቡድኑን እንዲጠብቁ ሐሳብ አቀረበ። አቶ ገድሉ ሳይከራከሩ ተቀበሉ። ለሌላው ያወጡትን ደንብ ለራሳቸው መጠየቅ ከብዷቸው እንደነበር አሁን ይገባናል።

ጉዳዩን የዘጉት ወይዘሮ ዘይነት ናቸው። በሐምሌ ወር፣ ቡድኑ ከጀልባ እንደወረደ፣ በሁሉም ፊት እንዲህ አሉ፦ «ጋሽ ገድሉ፣ ደንቡን ያወጡት ለኔ ብቻ ነው እንዴ? ዛሬ ከኔ የሚዘገዩት እርስዎ ነዎት። ይምጡ፣ ከፊት ይሁኑ።»

አቶ ገድሉ ከፊት ሆኑ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ አንድም ጉዞ አላመለጣቸውም። ቡድኑ ከበፊቱ ያነሰ መንገድ ቢሄድም ማንም አልቀደማቸውም።

ሥርዓተ ቀብራቸው የተፈጸመው ቅዳሜ፣ የጉዞ ቀናችን በሚውልበት ዕለት ነው። አስከሬናቸውን የተሸከሙት የዕድር አባላት እንደ ልማዳቸው ፈጠን ብለው ነበር። ወይዘሮ ዘይነትና ሌሎች ጉልበት ያነሳቸው ወደ ኋላ ሲቀሩ፣ የአቶ ገድሉ ልጅ ብሩክ ተሸካሚዎቹ ቀስ እንዲሉ ጠየቀ፤ እነሱም እሺ አሉ። ካህናቱ ጥቂት ለመጠበቅ ተገደዋል። አቶ ገድሉ ከፊት፣ እኛም ከኋላቸው ሆነን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ድረስ ሁላችንም አብረን ደረስን።

ማኅበሩ ለልጃቸው ለብሩክ፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አገርነሽ ኪዳነ ወልድ ደግሞ ይህን ለማለት እንወዳለን። ከአሁን በኋላ ከሁላችን ይልቅ እርምጃ የሚከብዳቸው እሳቸው ናቸው። ወደ ጉዞው ለመምጣት በፈለጉበት ቅዳሜ ቦታቸው ከፊት ነው፤ ማኅበሩም በእሳቸው ልክ ይሄዳል።

የጣና ዳር የእግር ጉዞ፣ የባህልና የጤና ማኅበር
ባሕር ዳር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.