አቤት ያላለ ቀሪ ነው

ለወንድምዓለም ተክለሃይማኖት፣
ጂንካ

እንዴት ከረምክልኝ ወንድሜ? ጤናህስ? ያ ጀርባህ ከእንጨት መላጊያው ጋር ታረቀ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? የሺዓለምስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? አማትህ ዐይናቸውን ታከሙ? ዝናቡስ በወጉ ዘነበላችሁ? እኔና ናዝራዊት እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ ወጥተን እንገባለን፣ ለዚህስ ተመስገን። «በጣም ደኅና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን አንተን መዋሸት አልችልበትም። ድሮም ስዋሽ ጆሮዬ እንደሚቀላ የምታውቀው አንተ ነህ።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስያዛት እንዳትል። ስልክ ላይ አንተ «ሃሎ» ብለህ እስክትጨርስ እኔ የወሩን ወሬ አራግፌ ዘግቼዋለሁ። ሃያ ዓመት እንዲሁ ነው ያወራነው፤ እኔ ስለፈልፍ አንተ ስትተነፍስ። በወረቀት ግን እኩል ነን። አንተም በጊዜህ ታነበዋለህ፣ እኔም የጻፍኩትን መልሼ ልውጠው አልችልም። ይህኛው ነገር ደግሞ ተጽፎ መቅረት ያለበት ነው።

ከደስታው ልጀምር፤ ደስታውን ካልነገርኩህ የቀረው አይገባህም። እኔ የምሠራበት ትምህርት ቤት ውስጥ ማበልጸጊያ ማዕከል የሚሏት አንዲት ክፍል ነበረች። ካርቶን እየቆረጥኩ ፊደል የምጽፍባት፣ የኳስ ላስቲክ ላይ ጋዜጣ እየለጠፍኩ ሉል የምሠራባት። አምና መስከረም ላይ መምህርት ወይኒ የምትባል ቀጠን ያለች ልጅ እግር አስተማሪ ለሦስተኛ ክፍል ተመደበች፤ የልጄ የናዝራዊት ክፍል ማለት ነው። አንድ በጎ አድራጊ የሰጠን አሥራ ሁለት ታብሌት «ልጆች ያበላሹታል» እየተባለ ሁለት ዓመት ሙሉ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተቆልፎ ነበር። እሷ መጣችና «እትዬ እንቁ፣ ሳይነካም እኮ እየተበላሸ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቁልፉን ሰጠኋት።

ወንድምዓለም፣ ይቺ ልጅ ያመጣችውን ብታይ! ዴስኩን አዙራ ልጆቹን አምስት አምስት አድርጋ ክብ አስቀመጠቻቸው። ትምህርቱን አንዱ ለሌላው ያስረዳል፣ ሲያስረዳ ይቀርጹታል፣ መልሰው ይሰሙታል፣ «እዚህ ጋ ቀደድክ!» እየተባባሉ ይተራረማሉ። ዝንብ ሲቆጥሩ የሚውሉት ልጆች ደወል ሲደወል አንወጣም ማለት ጀመሩ። ደግሞ የስም ጥሪውን ቀየረችው። እያንዳንዱ ልጅ ታብሌቱ ላይ «አቤት» ብሎ በራሱ ድምፅ ይቀርጻል፤ ጠዋት ሲገባ የራሱን ፎቶ ነካ ያደርጋል፤ ታብሌቱ በሱ ድምፅ «አቤት» ይላል፤ አለ ማለት ነው። አቤት ደስታቸው!

ለመቅረጫ ጸጥ ያለ ቦታ ሲጠፋ ዕቃ ቤቴን ለቀቅኩላቸው። ከየሱቁ የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ለምኜ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ለበጥኩት፤ የፒያሳ ጡሩንባ ሁሉ ውጭ ቀረ። ልጆቹ «የእትዬ እንቁ ሬዲዮ ጣቢያ» አሉት። ኢዩኤል የሚባል ቀልደኛ አለ፤ የታክሲ ረዳት ሆኖ «አቤት! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ቀረጸ። እኔ ስስቅ ሳቄ አብሮ ተቀዳ፤ ልጁ በገባ ቁጥር የኔም ሳቅ ይሰማል።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። ናዝራዊት አንደኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ ቃል ይያዝባታል። እንዳንተ። በተለይ በ«አ» የሚጀምር ሲሆን። እስከዚያ ድረስ ስሟ ሲጠራ ጓደኛዋ ፊርደውስ ከጎኗ ሆና «አለች ቲቸር!» ትልላት ነበር፤ በዚህ ነበር ያለፈችው። ለምን ደበቅሽኝ ትለኛለህ። እዚያ ላይ እመጣለሁ፣ ድፍረቱ ካልከዳኝ።

ልጄ ሬዲዮ ጣቢያዬ ውስጥ ሦስት ቀን ተመላለሰች። እኔን እንኳ አስወጣችኝ። በሦስተኛው ቀን ታብሌቱን እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች። የቀረጸችው አሥራ አራት ሰከንድ ነው። አ፣ አ፣ አ፣ ዝም፣ እንደገና አ፣ ትንፋሽ፣ ከዚያ ጥርት ያለ «አቤት»። ወይኒ «መጀመሪያውን ልቁረጥልሽ?» ስትላት ራሷን ነቀነቀች፤ አይቆረጥም። በማግሥቱ ክፍሉ ውስጥ ሲሰማ እኔ በር ላይ ሆኜ ጥፍሬን በላሁ። ታብሌቱ እስክትጨርስ ጠበቃት፤ እሷ ሳትጨርስ ወደሚቀጥለው ልጅ አያልፍማ! ኢዩኤል ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኧረ ሪከርድ ሰበረች! የሷ ረጅሙ ነው!» ከዚያ ሁሉም ረጅም ካልቀረጽን ብለው ወይኒን አስጨነቋት። ጥር ላይ ልጄ ብርቱካንና አምፖል ይዛ መሬት እንዴት እንደምትዞር ለአርባ ሁለት የክፍል ጓደኞቿ አስረዳች። በአፏ። ትንሽ ቆየች እንጂ መሬትም እኮ ለመዞር አንድ ቀን ይፈጅባታል።

ከዚያ የካቲት መጣ፤ ሰፈሩ መፍረስ ጀመረ። በቴሌቪዥን አይተኸዋል፣ አልደጋግምልህም። የኛ ግቢ ለጊዜው አልተነካም፤ ከፊት ለፊታችን ያለው ሁሉ ግን ሜዳ ሆኗል። የቆርቆሮ ድምፅ፣ አቧራ፣ ፍራሽ የጫነ አይሱዙ። በየሰኞው ሁለት ሦስት ልጅ ይጎድላል። ፊርደውስ ወደ ገላን ሄደች፣ ኢዩኤል ወደ አራብሳ። የሄዱት ልጆች ፎቶ ግን ታብሌቱ ላይ ነው። የቀሩት ጠዋት ጠዋት የራሳቸውን ከነኩ በኋላ የሄዱትንም ይነካሉ። አሥራ አንድ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል አርባ ሦስት አቤት ይሰማል። ወይኒ ልታጠፋው እጇን ዘርግታ መለሰችው። አንድ ቀን ተማሪ ሊቆጥር የመጣ ሰውዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ፣ ገብቶ ደግሞ ባዶውን ዴስክ ዐየና «ሌሎቹ የት አሉ?» ብሎ ጠየቀ። «ታብሌቱ ውስጥ» አሉት። አልሳቀም። እኛም አልሳቅንም።

ሰኔ ላይ ክፍሎቹ ተዘጉ። ወይኒን ሌላ ክፍለ ከተማ መደቧት። ታብሌቶቹ ተቆጥረው ሣጥን ገቡ፤ ሣጥኑንና እኔን አንድ ላይ ሥላሴ አካባቢ ወዳለ ንብረት ክፍል አዛወሩን። የእንቁላሉን ካርቶን ግን ማንም አልወሰደውም። ከነግድግዳው ነው የፈረሰው።

ናዝራዊት ዘንድሮ አምስት ኪሎ በኩል ባለ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ገባች። ሰባ ስምንት ልጅ፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት። በየጠዋቱ እጇን ይዤ በሩ ድረስ አደርሳታለሁ። በጥቅምት መጨረሻ «ልጅዎ አሥራ ዘጠኝ ቀን ስለቀረች ወላጅ ይቅረብ» የሚል ወረቀት መጣልኝ። በንዴት ስበር ደረስኩ። የክፍል ኃላፊዋ መምህር ሐዱሽ ይባላሉ፤ ድምፃቸው በጩኸት ያለቀ ትልቅ ሰው ናቸው። «በየቀኑ እኔ ነኝ የማመጣት!» አልኳቸው። መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ። «እመቤቴ፣ እኔ ስም እጠራለሁ፤ አቤት ያላለ ቀሪ ነው። የሰባ ስምንት ልጅ ፊት እያየሁ ልቁጠር? ትምህርቱን መቼ ላስተምር?» ልጄ አጠገቤ ቆማለች። ወደሷ ዞር ብለው «ነበርሽ እንዴ?» አሏት፤ ክፋት የለባቸውም፣ ለስለስ ብለው ነው የጠየቋት። ልጄ አፏን ከፈተች። አንገቷ ሥር ያለው ጅማት ሲገተር ዐየሁት። ጠበቋት፣ ጠበቋት፣ ደወሉ ተደወለ፣ ይቅርታ ብለውን ወደ ክፍል ሮጡ። እስካሁን አልመለሰችላቸውም።

በዐይናቸው እያዩ መዝገቡን ሊሞሉላት ቃል ገብተውልኝ ነበር። ሁለት ቀን አደረጉት፤ በሦስተኛው ረሱ። አልፈረድኩባቸውም። ልጄ ግን ቤትም ዝም አለች። ያቺ መሬትን ያዞረች ልጅ ውኃ ስትፈልግ ብርጭቆውን በጣቷ ታሳየኛለች። ባለፈው ሐሙስ ጫማዋን አላደርግም አለች። ስለምናት ደብተሯን አወጣችና ከኋላው ጽፋ ሰጠችኝ፤ «ቀሪ ብሆን ይሻለኛል» ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ አልሄደችም። አሁን እውነተኛ ቀሪ ናት፤ መዝገቡ ከኛ ጋር ተስማማ።

በምሳ ሰዓት ሣጥኑን ከፍቼ አንዱን ታብሌት ቻርጅ አደረግሁት። ሁሉንም ነካሁ፣ ሁሉም አቤት አሉኝ። የኢዩኤል ላይ የኔ ሳቅ ወጣ፤ ማን እንደሆነች ለማወቅ ትንሽ ቆየሁ። አስፈቅጄ ይዤላት ሄድኩ። የራሷን አሥራ አራት ሰከንድ ሰማችና ታብሌቱን በፊቱ ደፋችው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ደረስኩ። ለምን እንዳልነገርኩህ። ዘጠነኛ ክፍል ፕላዝማው የገባ ጊዜ ትዝ ይልሃል። በስክሪን የምታስተምረን ሴትዮ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ማን ምን እንደመለሰ ሳትሰማ «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታልፋለች። አንድ ቀን መልሱን አንተ ብቻ ነበርክ የምታውቀው። ተነሥተህ ቆምክ። ገና የመጀመሪያው ፊደል ላይ እያለህ «ቬሪ ጉድ!» አለችህ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ማን እንደጀመረው ዞር ብለህ ፈለግህ፣ አላገኘኸውም። እኔ ነበርኩ ወንድሜ። ሰፈር ውስጥ «ቬሪ ጉድ» የሚለውን ስም ያወጣሁልህም እኔ ነኝ። በሳምንቱ ደብተርህን ጥለህ እንጨት ቤት ገባህ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ አንተ ደግሞ ምሳዬን ቋጥረህ ታመላልስልኝ ነበር። ልጄ ስትያዝ ባየሁ ቁጥር ያ ሳቄ ነው የሚሰማኝ። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ ሃያ ዓመት ዘግይቻለሁ፤ ብቻ ይቅር በለኝ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ደምመላሽ ስልኩ ላይ የተቀረጸ ድምፅ አለ፤ ክፈተው። ለናዝራዊት «አጎትሽም እንዳንቺ ነው» ብዬ ነገርኳት፤ አታውቅም ነበር፣ ሰው ሁሉ ደብቋት።  ከዚያ ስልኩን ከደምመላሽ ላይ ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስምህን ጠርታሃለች። ረጅም ስም ነው ያለህ ወንድምዓለም፤ ግማሽ ደቂቃ አልፎባታል። አታቋርጣት፣ እስክትጨርስ ስማት። ስትጨርስ እዚያው ላይ አቤት በልላት። እንደወጣልህ። ቢያዝብህ አትድገመው፣ አትቁረጠው፣ የፈጀውን ይፍጅ። በሩ ላይ ቆማ ደምመላሽ እስኪመለስ ትጠብቃለች።

የሺዓለምን ሁለቱንም ጉንጭ ሳምልኝ፣ የላከችው ማር ደርሶኛል። ለአማትህ ዐይናቸውን ይማርልኝ በልልኝ። የተስፋን ቁመት በር መቃን ላይ ለክተህ ላክልኝ፣ ትንሿን ዊንታን ደግሞ እዚያ እግሯ ሥር ኮርኩርልኝ። ለእንጨት ቤቱ ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን ንገር። ናዝራዊት የራሷን ሰላምታ ለብቻዋ ልካለች።

እህትህ እንቁ
አራዳ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.