ኤሊዋ አትጾምም

ስህንዬ፣
ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ክላክስ እያደረገብኝ ስለሆነ በሩጫ ነው የምጽፍልሽ። እናቴን አሟታል ተብዬ ውጫሌ መሄዴ ነው። እስከ እሑድ ትንሿ ኤሊያችን ባንቺ እጅ ናት።

ዓይኗ ያበጠው ምግብ ጎድሏት ነው። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ዓሣ ቤት አይገባም ብለሽ ጎመን ብቻ ስትሰጪያት ዝም ማለት አልነበረብኝም። የሐይቅ ኤሊ እኮ አትጾምም! ዓሣ መንካቱ እንዳይከብድሽ ትል ቆፍሬ በጣሳው አስቀምጬልሻለሁ፤ በቀን ሁለት ይበቋታል።

ውሃዋን በየቀኑ ቀይሪላት፣ ከዚያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች ወይም ካፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ሳንባዋን አሟት ነውና እኔን ሳትጠብቂ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ውሰጃት።

ዛሬ ጠዋት ደውዬለት ነበር። የጀርባዋ ቅርፊት እንደዚያ የለሰለሰው ከሁሉ በላይ ፀሐይ አጥታ ነው አለኝ።
ጭልፊት ይወስዳታል ብዬ የምትኖርበትን ሳፋ አልጋ ስር የከተትኩት ደግሞ እኔው ነኝ።
ጠዋት ጠዋት ደጅ አውጫት። የሳፋውን ግማሽ ጥላ አድርጊበት፣ አጠገቧም ሁኚ።

ትናንት «በጾምሽ ልትገድያት ነው» ስልሽ ራትሽን ሳትበዪ ተኛሽ።

ስቶቩ ላይ ሽሮ አለልሽ። ድስቱ ያንቺው የጾሙ ድስት ነው፤ ቅቤ ነክቶት አያውቅም።

ሀኒያ