አክስቴን ያሳሰርኩበት ጉብኝት

ቀጮ፣ እንዴት ከረምክ? ዛሬ በጦርነት ጊዜ የምርኮኞች ካምፕ የነበረ ቦታ ጎበኘን። አስጎብኚው የዘበኛ ልብስ ለብሶ፣ እኛን እንደ ምርኮኛ አሰልፎ ያስጨንቀናል። አክስቴ ለጨዋታው የታደለውን ደረቅ ዳቦ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠች። "ዳቦ የደበቀ ማነው?" ብሎ ሲጮህ፣ እኔ ጀግናው ጓደኛህ ወዲያው በጣቴ አሳየኋት። ሰውዬው ራሱ ደነገጠ። "ሥራ ከጀመርኩ እንዲህ የፈጠነ ጠቋሚ አላየሁም" አለኝ። አክስቴ ቅጣት ቤት ስትገባ "ወንበር አለው?" ብላ ጠየቀች፤ ስትወጣ ደግሞ "ቤት ስኳሩን ማን እንደጨረሰው ስጠይቅ ግን አፍህ ይለጎማል" አለችኝ።

ይህን ፖስት ካርድ ቀድመው የሚያነቡት እናትህ ስለሆኑ፣ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እህቶችህን ሳምልኝ። ደግሞ አትስጋ፤ የትምህርት ቤቱን መስኮት የሰበርከው አንተ መሆንህን ለማንም አልተናገርኩም።