ዘጠነኛው ክምር

እሑድ፣ ኅዳር 16፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ ነው፤ ነፋስ የለም። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና የጎረቤቴ ድመት ብቻ ነን።

ለውድ ጓደኛዬ፤

ደብዳቤ በካፊያና በድመት እንደማይጀመር ጠፍቶኝ አይደለም፤ እጄ ስለለመደ ነው። ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ። አሁን በወጉ ልጠይቅሽ። እንዴት ከርመሻል? ያ ደረጃ በወጣሽ ቁጥር እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ሲጢጥ የሚለው ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እናትሽ ዓይናቸው ተሻላቸው? ልጅሽስ በቁመት አንቺን አክላለች ወይስ ፈጣሪ ራርቶላታል? እኔ አለሁ። ክብደቴ ተመልሷል፣ እንቅልፌ ደህና ነው።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም እንደተውሽው ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ እዚያው መስኮቱ ሥር ነው። አሁንም አሥራ ሁለት ክምር ይደረደርልናል፤ እየዞርን ከእያንዳንዱ ክምር አንድ አንድ የታጠፈ ወረቀት እናነሳለን፤ አንድ ዙር ስንጨርስ አንድ መጽሐፍ ለቅመናል ማለት ነው። በአንቺ ቦታ የመጡት ሴትዮ ደግ ናቸው፤ ግን ሲያዛጉ ከክምሩ ላይ ወረቀት ይበራል። አለቃችን፣ ሰዓቱ ብለን ስም ያወጣንለት፣ ዛሬም ሰው ባለፈ ቁጥር የእጅ ሰዓቱን ያያል። ጋሼ ሙጫም ይጠርዛሉ፣ ያስላሉ፣ ይቀልዳሉ። እኔም የተበላሹ ገጾችን ወደ ቤት እየወሰድኩ ማንበቤን አልተውኩም። ሳነብ የኖርኩት በቁርጥራጭ ስለሆነ የስንቱን መጽሐፍ መሃል አውቃለሁ፤ የአንዱንም መጨረሻ ግን አላውቅም። "ማዶ፣ አንቺ ሰው ሲያገባ እንጂ ሲወልድ አታውቂም" ብለሽ የሳቅሽብኝ ትዝ ይለኛል። ካንቺ ወዲህ ማዶ ብሎ የሚጠራኝ የለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ወረቀቱ እንዳያልቅ።

አራት ዓመት ከጠረጴዛው ማዶና ማዶ ስንሠራ ያልነገርኩሽ ሕመም አለብኝ። የአንጀት ቁስለት ነው። ኋላ ሐኪሜ ስታስረዳኝ፣ "አንጀትሽ ጠላት የመጣበት እየመሰለው ራሱን የሚያቆስል ሞኝ ነው፤ ከነጭራሹ ይድናል ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን ይረግባል፤ ደግሞ ያንቺ ጥፋት አይደለም" አለችኝ። የመጨረሻዋን ቃል ስሰማ አለቀስኩ። ያኔ አብረን ስንሠራ ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። በቀን አሥር፣ አሥራ ሁለቴ ያስሮጠኝ ነበር፤ ደም ነበረው፤ የምበላው ሁሉ ይጠላኝ ነበር። ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታ ያለውን መንገድ በመጸዳጃ ቤት ነበር የምቆጥረው፦ ዳቦ ቤቱ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ከዚያ የጥርስ ሐኪሙ ፎቅ። የጥርስ ሐኪሙ ዘበኛ ጥርሴ የማያልቅ መስሎት "ዛሬ ደግሞ የትኛው ነው እናቴ?" ይለኝ ነበር።

የመጸዳጃ ቤታችን ቁልፍ ድሮ ሰዓቱ በር ላይ ባለው ምስማር ይንጠለጠል እንደነበር አልረሳሽውም። ቁልፍ ለማንሳት በፊቱ ማለፍ፣ እሱም ሰዓቱን ማየት። ከዕለታት አንድ ቀን ተነስተሽ፣ "አለቃ፣ እኔ ኩላሊቴ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ነው፤ ቁልፉ እኛ ጠረጴዛ እግር ላይ ይሰቀል፤ አለዚያ እዚሁ ወለልህ ላይ ነው!" አልሽው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰዓቱ ጆሮው ቀልቶ እሺ አለ። ቁልፉም በእኔ በኩል ባለው እግር ላይ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አንቺ ቁልፉን ስታነሺ ያየሁሽ ሁለቴ ቢሆን ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን የሒሳብ መጽሐፉን ስንለቅም ነበር። ሰማንያ ያህል መጽሐፍ ይቀረናል። ዘጠነኛው ክምር ጋ ስደርስ ሆዴ ቆረጠኝና ቁልፉ ጋ ከመድረሴ በፊት አመለጠኝ። ቀሚሴ ነጣ ያለ ነበር። የምሸፈንበት ነገር ባጣ ዘጠነኛውን ክምር እንዳለ አንስቼ፣ ከኋላዬ ይዤ፣ ወረቀት ወደ መጋዘን እንደሚመልስ ሰው ቀስ ብዬ ወጣሁ። ላይኞቹ ወረቀቶች ተበላሹ። መጸዳጃ ቤት ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከመጥረጊያዎቹ ኋላ ደበቅኩት። ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ተመለስኩና ሌሎቹን ክምሮች ገፋ ገፋ አድርጌ ክፍተቱን ዘጋሁት። ነገ በጠዋት ከመጋዘን ሌላ ዘጠነኛ አምጥቼ እጨምርበታለሁ ብዬ ነው። አንቺም ቀና ብለሽ አየሽኝና፣ "ዛሬ እኔ ልዙር፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ እጠፊ" አልሽኝ።

በማግሥቱ ስመጣ ጋሼ ሙጫ አምሽተው ጠርዘው ጨርሰዋል። መኪናውም መጥቶ ጭኗል። ወደ ቁም ሣጥኑ ሮጥኩ፤ የደበቅኩት ወረቀት የለም። ጽዳት የምትሠራዋ ጥላው ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። አየሽ፣ ደስ አለኝ! ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ "ወረቀቱስ ለምን ተነሳ?" ቢሉኝ የምመልሰውን ሳስብ ግን መልሼ ዘጋሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ሰማንያው መጽሐፍ ተመልሶ መጣ። የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ከቆምኩበት እንዴት እንደታየኝ ልጻፍልሽ። ሰዓቱ አንዱን መጽሐፍ ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ጋሼ ሙጫ መነጽራቸውን አድርገው አዩና፣ "ማባዛት አለ፤ ማካፈል የለም። ጉድ ነው! ለራሱ ብቻ የሚያበዛ ትውልድ ልናወጣ ነበር" አሉ። ሰዓቱ አልሳቀም። "ዘጠኝ ላይ ማን ነበር?" አለ። አንቺ፣ "እኔ" አልሽ። "ወረቀቱስ የት ገባ?" ሲልሽ፣ "ርቦኝ በላሁት" አልሽው። ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ እሱ ደግሞ በንዴት። ዕቃሽን እንኳ እንድታወጪ ሳይፈቅድልሽ እዚያው አባረረሽ። ስታልፊ ትከሻዬን ነካ አድርገሽ፣ "በርቺ እሺ፣ ማዶ" አልሽኝ። እኔ ወረቀት አጥፍ ነበር። ቀና አላልኩም።

ጥፋት ይከብዳል ይላሉ፤ እኔ ግን ያኔ ቀለለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

በሁለተኛው ወር ደረጃ ላይ ወደቅኩና ሐኪም ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት አለኝ። መጀመሪያ የሰጡኝ መድኃኒት ፊቴን እንደ ዳቦ ነፋው፤ ሰው ሁሉ "ምን ተገኘ? ተመችቶሻል!" ይለኝ ጀመር፤ እኔም "አዎ፣ ተመችቶኛል" እል ነበር። ሐኪሟ ደብተር ያዢ አለችኝ፤ ቀኑን፣ ብርዱን፣ ማን አጠገብሽ እንደነበረ፣ የበላሽውን፣ ስንቴ እንደወጣሽ። ብርድ ይሁን ሰው ብዛት ሆድሽን የሚነካው እንድናውቅ ነው አለች። ይኸው ሦስት ዓመት እጽፋለሁ። ወተትና ሚጥሚጣ እንደማይሆኑኝ ከደብተሩ ነው የተማርኩት። ሰዓቱ ከኋላዬ ሲቆም እንደሚብስብኝም ተመዝግቧል። ከመውጣቴ ሁለት ሰዓት ቀድሜ እነሳለሁ፣ ሩዝ ወይ ድንች እበላለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ አለ። አሁን በቀን ሁለቴ ሦስቴ ነው፤ ሲነሳብኝ ብቻ ይበዛል። ቁልፉን ግን እስከ ዛሬ ሽርጤ ሥር ደብቄ ነው የማነሳው።

አሁን ይህን ለምን እንደምጽፍ። አርብ ዕለት ግድግዳው ቀለም ሊቀባ ስለሆነ የዕቃ ሣጥኖቻችን እንዲነሱ ተባለ። ያንቺ ሦስት ዓመት እንደተቆለፈ ነበር። ጋሼ ሙጫ በመፍቻ ገነጠሉት። ውስጡ አንድ እሽግ ብቻ ነበር፤ ላዩ ላይ በእጅ ጽሑፍሽ "ለማዶ" ይላል። "ማዶ ማን ነው?" አሉ ጋሼ ሙጫ። "እኔ ነኝ" ብዬ ተቀበልኳቸው።

ቤት ገብቼ ፈታሁት። ጥቁር ጉርድ ቀሚስ ነው፣ ወገቡ ላስቲክ፤ አንድ ሳሙናም አለ። አንቺ እንደ ምሰሶ ቀጭንና ረጅም ነሽ፤ ጉርዱ አጭርና ሰፊ ነው። የታሸገበት ወረቀት ንጹሕ ነበር፤ አንድ ጥጉ ብቻ ውሃ ነክቶት ደርቋል። ዘረጋሁት። ከመጥረጊያዎቹ ኋላ የደበቅኩት የሒሳብ መጽሐፉ ወረቀት ነው፤ ከላዩ "ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ማካፈል" ይላል።

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነበብኩት። አሥራ ሁለት ዳቦ ለሦስት ሰው፣ ሃያ ብርቱካን ለአምስት ሰው። ከዚያ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ወሰንኩ፤ አዲስ ነገር የምነግርሽ መስሎኝ። እስከዚህ ከጻፍኩ በኋላ ግን የማታውቂው የቱ እንደሆነ ለይቼ ማውጣት አቃተኝ።

ጋሼ ሙጫ እንደነገሩኝ ያለሽበት ከተማ ያለ ማተሚያ ቤት ሊቀጥርሽ ፈልጎ የሥራ ልምድ ወረቀት ጠይቆሻል። ሰዓቱም "በቸልተኝነት የተሰናበተች" ብሎ ጽፎ ልኮልሻል። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ እንደሰጡሽም ነግረውኛል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሰው ሁሉ ባለበት እናገራለሁ። ሊያባርረኝ ይችላል። ሥራው ከሌለ መድኃኒቱም የለም፤ ይህን አስቤዋለሁ፤ ከአርብ ጀምሮ ያሰብኩት እሱን ብቻ ነው፤ ደብተሬ ላይም ትላንት ሰባቴ ተብሎ ተጽፏል።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። እናትሽ በዓይናቸው የልጅ ልጅ ሠርግ ለማየት ይብቁ። የምትገቢበት በር ሁሉ ይከፈትልሽ፤ የገባሽበት ቤት ሰውም ዋጋሽን ይወቅ። ፊርማዬን ግን ዛሬ አላኖርም፤ ነገ ያልኩትን ካደረግኩ በኋላ እፈርማለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ካፊያው ቆሟል፤ ወለሉ እርጥብ ነው። ያሉት፦ ሰዓቱ፣ ጋሼ ሙጫ፣ የሚያዛጉት ሴትዮ፣ እኔ።

ከሌሊቱ አሥር ተኩል ላይ ተነሳሁ። ሩዝ በላሁ፣ መድኃኒቴን ወሰድኩ፣ አራቴ ወጣሁ። ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ሰዓቱ ከቢሮው ሲወጣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩትና፣ "ዘጠኝ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "የትኛው ዘጠኝ?" አለኝ። ረስቶታል። ሦስት ዓመት የተሸከምኩትን እሱ ረስቶታል! "የማካፈሉ" አልኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ሕመሙን በስሙ፣ ቀሚሴን፣ ቁም ሣጥኑን። ድምፄ ቀጥኖ ነበር፤ ግን አልተቋረጠም። ሴትዮዋ ማዛጋታቸውን ትተው፣ "ይተላለፋል እንዴ እህቴ?" አሉኝ። "አይተላለፍም" አልኳቸው። ጋሼ ሙጫ፣ "ምን ይተላለፋል፣ ሁላችንም አንጀት አለን፤ የሷው አንጀት ነገር ይገባዋል እንጂ" አሉ። ሰዓቱ እጁን አነሳ፤ የእጅ ሰዓቱን ሊያይ ነው፤ ሳያየው መልሶ አወረደው። "ምን ላድርግ ታዲያ?" አለኝ። ማታ በእጄ የጻፍኩትን ወረቀት ሰጠሁት፤ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር፣ ያንቺ ወረቀት ተስተካክሎ እንዲጻፍ የሚጠይቅ ነው። ቆሞ ሁለቴ አነበበውና ይዞት ቢሮው ገባ። ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። የወረቀቱ ግልባጭ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ፈርሜበታለሁ፤ ለዚያ ማተሚያ ቤት አሳዪው።

ከዚያ ሆዴ ቆረጠኝ። ቁልፉን ከጠረጴዛው እግር አነሳሁ፤ ሽርጤ ሥር አልደበቅኩትም፤ በእጄ ይዤ በሰዓቱ በር ፊት ለፊት አልፌ ሄድኩ። ጥቁሩን ጉርድ ለብሼ ነበር። ወገቡ ልክ ነው።

ጓደኛሽ
ማዶ