አውራ ጣቷን ስታነሳ

ኅዳር 4
ሱቅ ከፈትኩ። ሙቀት። ሃሊሞ በሩ ላይ የሚዘረጋ ጥላ ትፈልጋለች።
"ቁም ሣጥኑ ላይ የተኛው ሸራህስ?"
ካይቴን ነው የምትለው! ጅቡቲ ባሕር ላይ ነፋስ ሲነፋው እኔን ከነሳንቃዬ ይጎትት የነበረውን…
"አይቆረጥም" አልኳት።
"ሚስትህ ትቃጠል እንግዲህ" ብላ ሳቀች።

ኅዳር 6
ዴቃ ከጅቡቲ ደወለች። ያኔ አብረን ነበር የጀመርነው፤ አሁን ካይት ታስተምራለች። እኛን ማን አስተማረን? አንድ ፈረንጅ የተቀደደ ሸራ ጥሎልን ሄደ፣ በጀልባ ሙጫ ለጠፍነው። ዓሣ አጥማጆቹ "እብዶቹ መጡ" ይሉን ነበር። ዛሬ ሰው ከፍሎ ይማራል፣ የራስ ቁር ያጠልቃል፣ ከውሃው ሳይወጣ ቪዲዮው ይለቀቃል።
"ዋይስ፣ ሙኒያን ስደድልኝ፤ ረዳት እፈልጋለሁ" አለች።
ከልጄ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። የመጨረሻ ሰሚ እኔ…
አብሮን የጀመረውን ጓደኛችንን ዐብዲቃድርንም እዚያው ባሕር ነፋስ አንስቶ ድንጋይ ላይ ሲጥለው ዴቃ አይታለች። እኔ ከዚያ ወዲህ ውሃ አልገባሁም። እሷ በሳምንቱ ገባች።

ኅዳር 9
ካይቴን ከቁም ሣጥኑ አውርጄ ሙኒያን ደቻቱ አሸዋ ላይ ወሰድኳት። ወንዙ ደረቅ ነው፤ ነፋስ ግን አለ። ደንቡን ነገርኳት። ሸራውን የሚይዝልሽ ሰው አውራ ጣትሽን እስክታነሺ ይጠብቃል። ስታነሺ ይለቃል። አይወረውርም፣ እጁን ብቻ ይከፍታል።
አነሳች። አልለቀቅኩም… ገመዱ ተወጠረ፣ ሸራው ተገልብጦ ተቀደደ፣ ልጅቷ በግንባሯ አሸዋ ላይ።
"አባ፣ ጣቴን አላየህም?"
"አይቻለሁ።"
"ታዲያ?"
አሸዋውን ከግንባሯ ጠረግኩላት።
ድልድዩ ላይ የቆሙት ባጃጅ ነጂዎች "አቦ ልቀቃት!" እያሉ ይስቃሉ።

ኅዳር 10
ሃሊሞ መቀስ አነሳች። የተቀደደውን ሸራ ዘረጋሁላት።

ኅዳር 17
ባቡር ጣቢያ። ትኬት የሌለው ከበሩ አያልፍም። ሃሊሞ አለቀሰች፣ ሙኒያን ሳመቻት፣ ጨረሰች። እኔ ሻንጣዋን ይዤ ቆሜያለሁ።
"አባ፣ ሰዓቱ…"
"ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ከሆነ አትግቢ።"
"ነግረኸኛል።"
"ዴቃ ካልያዘችልሽም…"
አውራ ጣቷን አነሳች። እጄን ከፈትኩ።
ከሰዓት ሱቅ ነበርኩ። ነፋስ ተነሳ። በሩ ላይ ያለው ጥላ ተነፋ፣ አንዱ ጫፉ ተፈታ።
"ያዘው እንጂ!" አለች ሃሊሞ ከውስጥ።
ይሄንን ያዝኩት።