ሚስቴን ሰባት ላደረገልኝ የይለፍ ወረቀት ክፍል

ለተከበሩ ጓድ ወልደአረጋይ፣
የይለፍ ወረቀት ክፍል ኃላፊ፣
አንኮበር

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ማኅተምዎም በመልካም ጤንነት እንዳላችሁ ተስፋ በማድረግ፣ አብዮታዊ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ አብዱልሀሚድ ዓወል የተባልኩ የአሊዩ አምባ ጨው ነጋዴ፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነችው ባለቤቴ መሊካ ረሺድ ናት። ቀኝ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ግራውም አዲስ አበባ ሄዳ ካልታከመች እንደማይተርፍ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ስለነገረን፣ ጥር ላይ ይለፍ እንዲሰጠን አመለከትን። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚባለው በድሮው ሥርዓት ነበር፤ ቢሆንም የምጽፈው ልከስዎ ሳይሆን ላመሰግንዎ ነው።

፩ኛ. ብዙ ሰው የመሰከረለት ቅድሚያ እንደሚያገኝ በበርዎ ላይ ስለለጠፉልን አመሰግናለሁ። አርባ ጎረቤት ለምኜ፣ ጎረቤቶቼ መጻፍ ስለማይችሉ መሪጌታ ገብረአማኑኤል ሃይማኖት ሳይለዩ፣ «መሊካ ረሺድ ዓይኗን ታማለች» እያሉ አርባውንም ጻፉልኝ። እርስዎ ግን አርባ ሰው በአንድ ቃል ከተናገረ አድማ ነው ብለው መለሱልን፤ መሪጌታንም ሦስት ቀን አሰሩልን።

፪ኛ. እያንዳንዱ በራሱ አነጋገር ያስጽፍ ስላሉን፣ አንዱ የአብዱልሀሚድ ሚስት፣ ሌላው የኩብራ እናት፣ ሌላው የረሺድ ልጅ፣ ሌላውም ያቺ ዓይኗን የሚያማት እያለ አስጻፈ። ትጉሁ ጸሐፊዎ ለየአጠራሩ አንዳንድ ፋይል ከፍተው፣ አንዲቷን መሊካን ሰባት ሴቶች አደረጓት። ሸሪዓው የፈቀደልኝ አራት ሲሆን፣ ሦስቱን መሥሪያ ቤትዎ ጨመረልኝ። አርባው ምስክርም ለሰባት ስለተከፋፈለ፣ ሰባቱም ሚስቶቼ ከተራው ግርጌ ተሰለፉ።

፫ኛ. ሰባቱ አንዲት መሆናቸውን ለማስረዳት መሊካን ዳገቱን ደግፌ አውጥቼ ፊትዎ ባቆማት፣ ሰው ሳይሆን ማስረጃ እንዳመጣ አዘዙኝ። አልተቀየምኩም፤ ምን አቅም አለኝ? ስንመለስ እያንዳንዱን ድንጋይ እየነገርኳት ወረድን። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ዓይኗ ደክሞ ስለነበር አላየችኝም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆነን። ሌላ የምሄድበት ቢሮ የለኝም።

ከወንበርዎ ሳይነሡ አላህ ረዥም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣

ታዛዥዎና የሰባት ሴቶች ባል፣
አብዱልሀሚድ ዓወል
አሊዩ አምባ፣ ሰኔ ፩ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ግልባጭ፦ በገበያው መግቢያ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ይህን በጻፍኩ በዘጠነኛው ቀን ይለፉ ስለደረሰን ከልብ እናመሰግናለን። ግራ ዓይኗ በስድስተኛው ቀን ስለጠፋ፣ ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ፊርማዎም በጣም እንደሚያምር ነግሬያታለሁ።