በቀጭን አምባ የቀረው ቅዳሴ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 4 ቀን

ውድ ተስፋነህ፣

ስለ ጤናህ ራስህን ብጠይቅህ ደስ ባለኝ። ስደውልልህ ግን ስለማታነሳ ወሬህን የምሰማው ከእኅትህ ነው። አንበሳሜ ወርደህ የእህል ንግዷን እንደምታግዛት ነግራኛለች። እሑድ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፍ ሥር ቆመህ አስቀድሰህ እንደምትመለስ ነግራኛለች። ዲያቆን ሆኖ ከቅጥር ውጭ መቆም እንዴት እንደሚከብድ አላውቅም፤ እኔ ክህነት የሌለኝ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። አንተ ሲከብድህ ግን አውቃለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ፣ ነገር ሲከብድህ ዝም ትላለህ።

እኔም ደክሞኛል። ከክረምቱ ወዲህ ጉልበቴ ዳገት ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ፤ አሁን ግን ጉዳዩ የሚቆይ አልሆነም። እንደ ልማዴ ከሥሩ ልጀምር። የምታውቀውን ስደግምልህ ታገሠኝ፣ አንተ ያላየኸው የነገሩ ግማሽ አለና።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን የመጀመሪያውን ሐዋርያዊ ጉዞ ሲያቅድ ዓመታት አልፈዋል። ሁልጊዜ ወይ መንገዱ ይዘጋል፣ ወይ ልጆቹ ይበተናሉ። ዘንድሮ ትንሽ ረገብ ሲል ሰብሳቢያችን ትሕትና ተነሣሣች። ቢጫ ቲሸርት አሳተመች፣ የድምፅ ማጉያ ተዋሰች። ደጀንም ስብከቱን ከሰኔ ጀምሮ ያጠና ነበር። እኔን አስተባባሪ ያደረጋችሁኝ፣ መምህር ካሉበት ማንም አያረፍድም ብላችሁ ነው።

የቀጭን አምባ ማርያም አስተዳዳሪ ቄስ እሸቴ ግን ለስብከቱም ለመዝሙሩም አልጓጉም ነበር። ደብረ ታቦር ገበያ ጧፍ ሊገዙ ወርደው አግኝቻቸው፣ ልጆቹ ምን ምን እንዳዘጋጁ ስዘረዝርላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ይሁን መምህር፣ ዲያቆን አላችሁ ወይ?» አሉኝ። የእሳቸው ዲያቆናት ገሚሱ ለትምህርት ገሚሱ ለእንጀራ ወጥተው ቀርተዋል። ሁለተኛ ቄስ ከጎረቤት ደብር ይለምናሉ፤ ሦስት ዲያቆን ካልተሟላ ግን ቅዳሴ የለም። ዓመት ሊሆናቸው ነበር። ሳይቆርቡ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም እየጠሩ ነገሩኝ። እኛ ደግሞ ሦስት ዲያቆን ነበረን፤ አንተ፣ ደጀንና ያ ዝምተኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

ዕለቱ አርብ ነበር፣ የፍልሰታ ጾም አጋማሽ። መኪናው ጭቃውን ፈርቶ ከጉና ተራራ ግርጌ አወረደን። ልጆቹ ከበሮውን በላስቲክ ጠቅልለው እየዘመሩ ቀደሙ። ደጀን ወደ እኔ ዞሮ፣ ጉና ላይ ሒሳብ እንደማይሠራ፣ ደረስን ያልነው ሁሉ ገና መነሻ መሆኑን እየነገረኝ ይስቅ ነበር። አንተ ግን ቦርሳዬን ተሸክመህ፣ በእኔ እርምጃ ልክ ከኋላ ቀረህ። ይህን የምጽፈው ላመሰግንህ ብቻ አይደለም። ከኋላ ባትቀር ኖሮ የሆነው ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ ያሉት እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ያኔ ስማቸውን አናውቅም ነበር። ትኩስ ቅቅል ድንች በሰፌድ ይዘው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ከፊት የነበሩት ልጆች እየዘመሩ አልፈዋቸዋል። እኔን ሽበቴን አይተው ጾመኛ ነው ብለው ተዉኝ፤ አንተን ግን ያዙህ።

«ይቅርብኝ እማማ፣ ደህና ነኝ» አልክ።

«ምኑን ደህና ነህ፣ ከንፈርህ ጠቁሮ? መንገደኛ ጾም የለበትም። ወይስ የባላገር እጅ ተጸይፈህ ነው?»

ተቀበልካቸው፤ ገመጥክ። ወዲያው መንጋጋህ ቆመ። ፊትህን አይቻለሁ። እሳቸው ፊት ፊትህ ቆመው ይመለከቱሃል፣ ስለዚህ መትፋት አልቻልክም። ዋጥከው፤ እግዜር ይስጥልኝ ብለህም እጃቸውን ሳምክ። ጥቂት እንደሄድን «ጾመኛ ነኝ ማለት አፍሬ ነው» አልከኝ። ቀጥለህም፣ «መምህር፣ የማን እጅ እንደሆነ ለማንም እንዳይናገሩ» ብለህ ለመንከኝ። ቃል ገባሁልህ።

ቤተልሔሙ ጣሪያ ሥር ዝናቡን ተጠልዬ ስለነበር የተባባላችሁትን ሰምቻለሁ። ኅብስቱ ተጋግሯል። ሰው ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር መጥቶ ቅጥሩን ሞልቶታል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ነጭ አልብሰው አቅፈዋል። ልብሰ ተክህኖው ሲወጣ አንተ ለቄስ እሸቴ «አባቴ፣ እኔ ቀምሻለሁ» አልካቸው። ደጀን ክንድህን ይዞ ወደ ጥግ ጎተተህ።

«አንድ ጉርሻ ድንች ነው። ይሄን ሕዝብ አላየኸውም? በኋላ ንስሐ ትገባለህ።»

«ንስሐውን አስቀድሜ እያሰብኩ መቅደስ አልገባም» አልከው።

ቄስ እሸቴ ሌላ ዲያቆን እንደሌለ እያወቁ ሌላ ዲያቆን የለም ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲነሡ «እንግዲያስ የለም» አሉና ለሕዝቡ ራሳቸው ሊናገሩ ወጡ።

ሕዝቡ ቢጮህ ይሻል ነበር። ማንም አልጮኸም። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው መውጣት ጀመሩ። አንድ ሰውዬ ብቻ በር ላይ ቆም ብሎ «ከተማው ዲያቆን ቢልክልን ሆዱ ቀድሞት ደረሰ» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። አንተ መሬት መሬት ታያለህ። እኔ በሴቶቹ በር በኩል ወይዘሮ ጥሩወርቅን አየኋቸው። ለመቁረብ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈዋል። የቀመሰው ዲያቆን የትኛው እንደሆነ የሚያውቁ አልመሰለኝም። ደጀን በድምፅ ማጉያው ስብከቱን ሰበከ። ከእኛ ልጆች በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ትሕትና አለቀሰች። ደጀን «እንግዲህ ጻድቁ፣ ደስ አለህ?» አለህ፤ ማንም ዝም በል አላለውም። ተናግሬ ቢሆን ነገሩ ይበርድ ነበር፤ ቃሌ ግን አሰረኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ የዚያን ቀን ተናድጄብሃለሁ። ስለ ጉርሻው አይደለም። ሌላው የሰጠህን ሸክም ለብቻህ ተሸክመህ፣ እኔንም ከንፈሬን ሰፍተህ አስቀመጥከኝ። በሳምንቱ፣ ከእንግዲህ አልቀድስም ብለህ አንበሳሜ ወረድክ።

እስከዚህ ድረስ የምታውቀው ነው።

ጥቅምት ላይ ጭቃው ሲደርቅ ቄስ እሸቴ እንድወጣ ላኩብኝ። እስከ ግርጌው በሞተር ሄጄ የቀረውን በእግሬ እያረፍኩ ወጣሁ። መታጠፊያው ላይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፀሐይ ለመሞቅ ደጅ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ሳል ይዟቸዋል። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቁኝ ስለ አንተ ነው።

«ያ ቦርሳ የያዘልዎ ልጅ ደህና ነው?»

ደህና ነው አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ያበላሁት፤ አይደለም? ዲያቆኑ መንገድ ላይ ቀመሰ ሲሉ፣ በዚህ መንገድ ከእኔ በቀር ማን ያበላል ብዬ ነበር። ደግሞ እኮ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ለብሰው ኳስ ተጫዋቾች መሰሉኝ! ነጠላ ቢያጣፋ፣ ጥምጣም ቢጠመጥም፣ እንኳን ድንች ሰላምታም በቅጡ በሰጠሁት።»

ቃል ገብቼልህ ስለነበር ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝምታዬን አዩና «ይብቃዎ መምህር፤ መልሰውልኛል» አሉኝ።

የሆነውን የጨረሱልኝ ቄስ እሸቴ ናቸው። እኔ ከመውጣቴ በፊት፣ ገና በግምታቸው ብቻ፣ በወርኃ ጽጌ አንድ እሑድ፣ ጸሎቱ አብቅቶ ሰው ሊበተን ሲል፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። በዚያ አገር ሴት በጉባኤ መካከል እንዲህ አትናገርም፤ እሳቸውም በዕድሜያቸው ተናግረው አያውቁም። የሚፈልጉትን ሰውዬ በዐይናቸው ፈልገው አገኙትና «ሆዱ ቀድሞት ደረሰ ያልከው አንተ ነህ። የቀደመው ሆዱ አይደለም፣ የእኔ ሰፌድ ነው» አሉት። ያስገደዱህ እሳቸው መሆናቸውን፣ አንተም ማንነታቸውን ሸሽገህ ስድቡን ብቻህን መጠጣትህን ለሕዝቡ ነገሩ። ሰውዬው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «የእኔን ተወው፣ ልጁን ፈልገህ ሳም» አሉት።

ቅዳሴው ግን አሁንም የለም። የጻፍኩልህም ለዚህ ነው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከባለቤታቸው ጋር የቆረቡ ናቸው፤ እሱ ካረፈ ቆይቷል። ሳሉ ሲብስባቸው ልጃቸው በበቅሎ አውርዶ፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ታቦር አድርሶ ሊያስቆርባቸው ለመነ። እምቢ አሉ። ከቄስ እሸቴ ዘንድ ስመለስ እኔም ለመንኳቸው። ከተማ ያለውም ቅዱስ ቁርባን አንድ መሆኑን፣ ሥጋ ወደሙ በቦታ እንደማይለወጥ፣ በሽተኛ ቀጠሮ መስጠት እንደማይገባው፣ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። አርባ ዓመት ሳስተምር እንዲህ በትዕግሥት ሰምቶ እንዲህ ያልተቀበለኝ ተማሪ አልገጠመኝም።

«ይህን ሁሉ አባም ነግረውኛል» አሉ። «ልጁን ከመቅደስ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ውጭ ቆሞ እኔ በምን ፊቴ እገባለሁ? እሱ በቀደሰበት እቆርባለሁ።»

ውጭ ዛፍ ሥር እንደምትቆም አልነገርኳቸውም። ከየት እንዳወቁት አላውቅም፣ ወይም እንዲሁ የተናገሩት ይሆናል።

ቄስ እሸቴ ለኅዳር ጽዮን ቀን ቆርጠዋል። ዋዜማውን ወጥተን እዚያው እናድራለን፤ በመንገድ ማንንም ማስቀየም አይኖርም። ደጀን ይመጣል። ስለ አንተ ሳነሣበት አንገቱን ደፍቶ፣ በመኪናው ውስጥ የተናገረውን ራሱ መጥቶ እንደሚነግርህ፣ በደብዳቤ እንዳልጽፍበት ለመነኝ። ሦስተኛው ተማሪም አለ። በአንተ ቦታ ሌላ ዲያቆን ልፈልግ ወይ ብዬ ቄስ እሸቴን ጠይቄአቸው ነበር። «ፈልጉ፣ ሥራው እንዳይቀር» አሉኝ። ደግሞም «ሌላውን ቀምሰሃል ወይ ብዬ ጠይቄ አለብሰዋለሁ፤ ያንን ልጅ ግን ሳልጠይቀው አለብሰዋለሁ» አሉ።

ተስፋነህ፣ ና ብዬ አላዝህም። ተማሪዬ የነበርክበት ጊዜ አልፏል፤ መቅደስ ደግሞ በመምህር ትእዛዝ አይገባም። ለራስህ የፈረድከውን ፍርድም አላቃልልብህም፣ እውነት ተናግረህ ሰው አልቅሷልና። እኔ የማውቀውን ብቻ ነው የምነግርህ። የሰደበህ ሕዝብ ስምህን አስተካክሎ ይጠራል። አንዲት እናት ግን በየቀኑ እየደከሙ ይጠብቁሃል፣ ቀኑም ሩቅ አይደለም።

የምትመጣ ከሆነ ምንም አትጻፍልኝ፤ ዋዜማው ጠዋት መናኸሪያ ላይ አገኝሃለሁ። የማትመጣ ከሆነ ግን ነገ ዛሬ ሳትል በእኅትህ በኩል አንድ ቃል ላክልኝ። ምክንያቱን አልጠይቅህም፤ አልቀየምህምም። ቃሉ ቶሎ እንዲደርሰኝ የምፈልገው፣ በቅሎ ላይ ለመቀመጥ የሚያስችል አቅም ሳለላቸው ዳገቱን ወጥቼ «አይመጣም፣ አይጠብቁት፣ ወደ ከተማ ይውረዱ» ልላቸው ስለሚገባኝ ነው። ይህን ቃል በሌላ ሰው አልልክም። ያንን ዳገት ለዚህ ቃል መውጣት እንዴት እንደሚከብደኝ ታውቃለህ፤ ቢሆንም እወጣለሁ።

መምህርህ
ዳኛቸው አስረስ